ቅዱስ ያሬድ፡ ዜማንና ሽብሸባን ለትውልድ ያወረሰ ሊቅ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በዓላት ካህናትና ደባትር መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ ይዘው የሚያቀርቡት ዝማሬና ሽብሸባ መሠረቱን የጣለው በ6ኛው ምዕተ ዓመት በአክሱም የኖረው ቅዱስ ያሬድ መሆኑ ይነገራል።

እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቅዱስ ያሬድ በ505 ዓ.ም በአክሱም ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ በመሞቱ እናቱ የአክሱም ጽዮን መምህር ለነበረው ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ይሁን እንጂ ትምህርት አልገባው ስላለ በመምህሩ ይገረፍ ነበር። ምሬቱ ሲበዛበትም ከትምህርት ቤት ኮበለለ።

በጉዞው ከአንድ ዛፍ ሥር ተጠልሎ ሳለ ፍሬ ለመብላት ወደ ላይ የሚወጣ ትል ተመለከተ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከፍሬው መድረሱን ያየው ያሬድ ወደ አጎቱ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ የመጻሕፍት ዕውቀቱ እየጎላ ሄደ፤ አባ ጌዴዎን ሲያርፍም በወጣትነቱ የመምህርነቱን ቦታ ተረከበ።

ሦስት ወፎች ዜማ እንዳስተማሩት የሚተርከው ገድሉ፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ስልቶች ማዜሙን ይገልጻል። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉት የዜማ መጻሕፍት የእርሱ ድርሰቶች ተደርገው ይቆጠራሉ። በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ እንደተከለና ሁለቱም ዜማው እስኪያበቃ ሳያውቁት እንደቆዩ ይተረካል። ንጉሡ የፈለገውን እንዲጠይቅ ሲፈቅድለት ሹመትም ሀብትም አልሻም፤ የጠየቀው ወደ ስሜን ተራሮች ሄዶ በብሕትውና ለመኖር ነበር። በዚያም እያስተማረ ኖሮ ማለፉ ይነገራል፤ መታሰቢያውም ግንቦት 11 ቀን ይከበራል።

መምህሩ ካለፈ በኋላ ቅርሱ የቆየው በብራና ብቻ አይደለም። በ16ኛው ምዕተ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክቶችን ሥርዓት አስይዘዋል። ሆኖም ምልክቱ የድምፁን አካሄድ ቢያስታውስም የመቋሚያውን ዝማሜ፣ የጸናጽሉን አጣጣልና የከበሮውን ምት ተማሪው ከመምህሩና ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ በአካሉ ካልተለማመደ በቀር አይችለውም። በአቋቋም ትምህርት ከቁም ዜማ እስከ ዝማሜ፣ መረግድና ጽፋት ያለው ቅደም ተከተል በኅብረት የሚጠና ነው። በመሆኑም ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬና መዋሥዕት፣ ጎንደር በአቋቋም የምስክር ጉባኤያት ሆነው ታውቀዋል።

በእነዚህ ጉባኤያት የቀደመው ተማሪ አዲሱን ያስጠናል። የአካባቢው ሕዝብም ለቆሎ ተማሪው ቁራሽ እየሰጠ የትምህርቱ ደጋፊ ሆኖ ኖሯል። ገበሬው ድጓ ባይዘልቅም በበዓል ቀን በእልልታና በጭብጨባ ከሊቃውንቱ ጋር ይሳተፋል። ስለሆነም ቅርሱ የሊቃውንት ብቻ ሳይሆን የመላው ማኅበረሰብ ሀብት ነው ማለት ይቻላል።

የያሬድ ዜማና ሽብሸባ የሚደምቁባቸው የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም፣ የጥምቀት በዓል ደግሞ በ2012 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍረዋል። አዲስ አበባ የሚገኘው የሙዚቃ ትምህርት ቤትም በስሙ ይጠራል። ይሁን እንጂ መዝገብም ሆነ ስያሜ ብቻውን ሽብሸባን አያስቀጥልም። መምህሩ ወንበሩን ሲለቅ የሚተካው ተማሪ ከሌለ፣ መንደሩም ተማሪውን ማስጠጋት ካቆመ፣ ከ1 ሺህ 400 ዓመታት በላይ በቃልና በአካል ሲወርድ የመጣው ዕውቀት በአንድ ትውልድ ሊቋረጥ ይችላል። ለቅርስ ጥበቃ የሚደረገው ጥረትም በቅድሚያ ለጉባኤ ቤቱ፣ ለመምህሩና ለተማሪው ትኩረት መስጠት እንደሚገባው የቅዱስ ያሬድ ሕይወትና ሥራ ያመለክታል።