ፊልሞቹ የታገዱበት ስፔናዊው ስደተኛ ሉዊስ ቡኙኤል ማን ነበር?

በሪያድ ለአስርት ዓመታት ተዘግቶ የቆየው የሲኒማ በር በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2018 ዳግም ተከፍቷል። ዛሬ የከተማዋ ተመልካች ህልምና እውን የተቀላቀሉበት ትዕይንት ቢያይ ብዙም አይደንቀውም።

ከ90 ዓመታት በፊት ግን ነገሩ እንግዳ ነበር። ለዚህ የአቀራረጽ ስልት መንገድ ከጠረጉት አንዱ ስፔናዊው ሉዊስ ቡኙኤል ነው።

ቡኙኤል በ1900 በአራጎን ግዛት፣ ካላንዳ በተባለች ቦታ ተወለደ። በማድሪድ ተማሪ ሳለ ከሰዓሊው ሳልቫዶር ዳሊ ጋር ተወዳጀ፤ በ1925 ደግሞ ወደ ፓሪስ አቀና።

በ1929 እናቱ በሰጡት ገንዘብ ከዳሊ ጋር “የአንዳሉሲያ ውሻ” የተሰኘውን ድምጽ አልባ አጭር ፊልም ሠራ። መነሻው ሁለት ህልሞች ነበሩ። ቡኙኤል ቀጭን ደመና ጨረቃን ሲሰነጥቅ፣ ዳሊ ደግሞ ጉንዳን የወረረው እጅ በህልማቸው አይተው ነበር።

በፊልሙ መክፈቻ ምላጭ የሴት ዓይን ሲቆርጥ ይታያል። የተቆረጠው የሞተ ጥጃ ዓይን ቢሆንም ትዕይንቱ እስከ ዛሬ ተመልካችን ያስደነግጣል። ካሜራው ግን ምንም አያጋንንም፤ የማይታመነውን እንደ ተራ የዕለት ነገር ያሳያል። የቡኙኤል መለያም ይኸው ሆነ።

በ1933 በስፔን ድሃ መንደሮች ላይ የሠራውን ዘጋቢ ፊልም መንግሥት አገደው። የእርስ በርስ ጦርነቱን ተከትሎ ለስደት የተዳረገው ቡኙኤል፣ አሜሪካ ቆይቶ በ1946 ሜክሲኮ ገባ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ዜግነቷን ወሰደ።

በዚያ በአነስተኛ በጀት፣ በአጭር ጊዜ መቅረጽን ለመደ። ስለ ሜክሲኮ ሲቲ የጎዳና ልጆች የሚተርከው “የተረሱት” የተሰኘ ፊልሙ በ1950 ሲወጣ አገር አዋረደ ተብሎ በቀናት ውስጥ ከአዳራሽ ወረደ። በቀጣዩ ዓመት በካን ፌስቲቫል የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ሲያስገኝለት ግን የሜክሲኮ ተመልካች በደስታ ተቀበለው። ዩኔስኮም በ2003 በዓለም የማስታወሻ መዝገብ አስፍሮታል።

“ናዛሪን” ሲቀረጽ የካሜራ ባለሙያው ጋብርኤል ፊጌሮዋ እሳተ ገሞራና ደመና የሚታይበት ውብ ምስል አዘጋጅቶ ነበር። ቡኙኤል ግን ካሜራውን ወደ ተራው መልክዓ ምድር አዞረው፤ ውበት ታሪኩን እንዲጋርድበት አልፈለገም።

በ1961 ስፔን ተመልሶ የሠራው “ቪሪዲያና” በካን ከፍተኛውን ሽልማት ቢጋራም በትውልድ አገሩ እስከ 1977 ታግዶ ቆየ።

ቡኙኤል በ1983 በሜክሲኮ ሲቲ አረፈ። ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ሁሉ ይዞት የሚዞር ድምጽ አለው፤ የእሱ በሰሞነ ሕማማት በካላንዳ የሚመታው ከበሮ ነበር። “ናዛሪን” የሚያበቃውም በዚያው ከበሮ ድምጽ ነው።