ራስ እምሩና የንብረት ነገር

ሰው በጥቂት ነገር ሊኖር ይችላልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ከጐጃም መውጣት አያስፈልግም። ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ ደብረ ኤልያስ የምትባል በቅኔ ትምህርቷ ስሟ የተጠራ አገር አለች። ቅኔ ሊቈጥር ወደዚያ ይጐርፍ የነበረው የቆሎ ተማሪ ንብረቱ በአንድ ትንፋሽ ተቈጥሮ የሚያልቅ ነበረ፤ ከበግ ቆዳ የተሠራ ደበሎ፥ ለውሻ መከላከያ የሚሆን ዱላ፥ በማርያም ስም ለምኖ ያገኘውን ቍራሽ የሚይዝበት አኮፋዳ። ቤቱ ከጓደኞቹ ጋር በገዛ እጁ የቀለሳት ጎጆ ናት። ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ የተማረው ሁሉ በቃሉ የተያዘ ስለ ሆነ፥ መምህሩን ለውጦ ወደ ሌላ አገር ሲሻገር የሚጫንለት አጋሰስ አያስፈልገውም፤ ሀብቱን በልቡ ይዞ ይሄዳል።

ይህን ኑሮ ብዙዎቻችን እናደንቃለን። ሆኖም ስናደንቅ አንድ ነገር መዝለል የለብንም። የቆሎ ተማሪው በጥቂት ነገር የኖረው ብዙ ነገር ስላልነበረው ነው። ማጣት አንድ ነገር ነው፤ መተው ሌላ ነገር ነው። የሌለውን ሰው ንብረት ከንቱ ነው ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ምክሩ የሚፈተነው ያለው ሰው ዘንድ ሲደርስ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ያለው ሰው ነው፤ ጐጃምን ገዝተው የነበሩት፥ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር አብረው ያደጉት፥ በኋላም መሬታቸውን ለጭሰኞቻቸው የሰጡት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

ራስ እምሩ የተወለዱት በኅዳር ወር 1885 ዓ.ም. ነው። በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ተፈሪ መኰንን ከተወለዱ ገና አራት ወር ነበረ። ሁለቱ ዘመዳሞች በሐረር በራስ መኰንን ቤት አብረው አደጉ፤ አብረውም ተማሩ። እንግዲህ ራስ እምሩ ከልጅነታቸው ጀምሮ ግብር ሲገባና አሽከር ሲሰለፍ እያዩ ያደጉ ሰው ናቸው። ለእንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነገር ማግኘት ድካም አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ቢቀመጥም ንብረቱ በራሱ ይመጣለታል። ሐረርን፥ ቀጥሎም ወሎን አስተዳደሩ፤ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ የራስነት ማዕረግ ይዘው ወደ ጐጃም ተላኩ።

ወደ ጐጃም ሲመጡ የተተኩት በማን ቦታ እንደ ሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከእሳቸው በፊት ጐጃምን የገዙት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ነበሩ። ራስ ኃይሉ በገንዘብ ወዳድነታቸው በዘመናቸው ተወዳዳሪ አልነበራቸውም። ግብር በግብር ላይ እየጨመሩ ገበሬውን አስጨነቁት፤ ያገኙትን በአዲስ አበባ በሕንጻ፥ በሲኒማና በመኪና ንግድ ላይ አዋሉት። በሥራ ፈጣሪነታቸው የሚያደንቃቸው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ የንግድን ትርጕም ከሌሎቹ መኳንንት ቀድሞ የገባቸው ሰው ነበሩና። ነገር ግን ገንዘቡ የማን ላብ እንደ ሆነ ሲጠየቅ መልሱ ያለው በጐጃም ገበሬ ጎተራ ውስጥ ነው። በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ለማስመለጥ በተደረገው ሤራ እጃቸው አለበት ተብሎ ታሰሩ፤ ያን ያህል ዘመን የተሰበሰበው ሀብት ብዙው በአንድ ጊዜ ተወረሰ። መሰብሰብ ባለቤቱን እንደማያድን ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ራስ እምሩ ከእንዲህ ያለ ገዥ በኋላ በመምጣታቸው ብቻ ሥራቸው ቀለላቸው ማለት አይደለም። ጐጃም የራሱ የገዥ ዘር ነበረው፤ ከሸዋ የተላከን ሰው በእልልታ የሚቀበል አገር አልነበረም። በጦርነቱ ጊዜ የራስ ኃይሉ የወንድም ልጅ ደጃዝማች ገሠሠ በለው ሸፍተው ደብረ ማርቆስን እስከ መክበብ ደርሰዋል። ሕዝቡ ራስ ኃይሉን ቢማረርም በአንድ ቀን ራስ እምሩን ወደደ ብለን ብንጽፍ ታሪክን ማሳመር ይሆናል።

ጦርነቱ ሲነሣ ራስ እምሩ የጐጃምን ጦር አስከትተው ወደ ሽሬ ዘመቱ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉይና በኩል ያለፈው ጦራቸው የኢጣሊያንን ታንኮች በጠባብ ማለፊያ ላይ አግኝቶ ድል አደረገ፤ ወታደሩ ከታንኩ ላይ እየወጣ በጎራዴና በእጁ ተዋጋ። ብዙም ሳይቈይ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በተከዜ ዳር የመርዝ ጋዝ አወረዱበት። በየካቲት ወር መጨረሻ የሽሬ ጦርነት ተደርጎ ያ ጦር ተበተነ። ከዚያ በኋላ ራስ እምሩ የሥልጣን ስም እንጂ የሥልጣን ዕቃ አልነበራቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው ሲሄዱ እንደራሴ ተብለው ወደ ጎሬ ተሻገሩ፤ በዚያም ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ወጣቶችና ከሌሎች ምሁራን የተቋቋመው የጥቁር አንበሳ ማኅበር ተገናኛቸው። ስንቅ የለም፤ ጥይት የለም፤ አገሩም ሁሉ ወዳጅ አልነበረም። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጃቸውን ሰጡ።

ከዚያ ወደ ኢጣሊያ ተወሰዱ፤ ፖንዛ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይም ታሰሩ። የጐጃም ጌታ የነበሩት ሰው አሁን ንብረታቸው ከቆሎ ተማሪው ብዙ አይበልጥም ነበረ። ደግሞም አብረዋቸው ከተማረኩት አንዱ እውነተኛ የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ በደብረ ማርቆስ አጠገብ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፥ በደብረ ኤልያስ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው፥ በኋላ ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ። ከሽሬ እስከ ጎጀብ በራስ እምሩ ጦር ውስጥ ነበሩ፤ በኢጣሊያም ሰባት ዓመት ያህል በእስር ቈይተዋል። አንደኛው በቤተ መንግሥት፥ ሁለተኛው በአኮፋዳ ያደጉ ሁለት ሰዎች በአንድ ዕጣ መገናኘታቸው ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ማጣትን ከልጅነታቸው ያውቁታል፤ ራስ እምሩ ግን በአርባ አራት ዓመታቸው ሀ ብለው ጀመሩት።

የፖንዛ ነገር አንድ ተጨማሪ ምዕራፍ አለው። በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ ገዥዎቹ የሚያኖሩበት ቦታ ፈልገው ወደ ፖንዛ ወሰዱት፤ ያስቀመጡትም ቀድሞ ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ውስጥ ነው። ኢትዮጵያን ሁሉ የእኔ ናት ያለው ሰው ከዚያ ቤት አንድ ክፍል ተሰጠው። በዚህ መደሰት ይቻላል፤ ነገር ግን ከደስታው በላይ መታሰብ ያለበት፥ ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ቤት ይዘውት የወጡት ነገር የተለያየ መሆኑ ነው። ሙሶሊኒ የጠፋበትን መልሶ ሊይዝ ሄዶ በዚያው ሞተ። ራስ እምሩ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፥ የተመለሰላቸውን ንብረት ደረጃ በደረጃ ሊለቁት ጀመሩ።

ከጦርነቱ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሥራ ተሠማሩ፤ በዋሽንግተን፥ ቀጥሎም በሕንድ አገር የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኑ። በዚያን ዘመን በሕንድ ውስጥ አንድ ሌላ ነገር ይደረግ ነበረ። የጋንዲ ደቀ መዝሙር ቪኖባ ባቬ ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ እየዞረ ባለ መሬቶችን መሬት ይለምን ነበረ። ነገሩ የተጀመረው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን፥ ፖቻምፓሊ በምትባል መንደር አንድ ባለ መሬት መቶ ኤከር ለመሬት አልባዎች ሰጠ። ለምኖ መኖርን ለእኛ የቆሎ ተማሪ አስተምሮናል፤ ቪኖባ ግን ለራሱ ሳይሆን ለሌላው፥ ቍራሽ ሳይሆን መሬት መለመኑ ነው ልዩነቱ። ራስ እምሩ ከዚህ ተማሩ ለማለት አንደፍርም፤ ነገር ግን ጥያቄው በዘመኑ የሚነፍስ ነፋስ እንደ ነበረ ማየት ይቻላል።

ራስ እምሩ የሰጡት ንብረት ምን ዓይነት እንደ ሆነ እንመልከት። በጐጃም አብዛኛው ገበሬ ርስተኛ ነበረ፤ ከአንድ አቅኚ አባት መወለዱን ቈጥሮ ድርሻውን ይጠይቅ ነበረ፤ ድርሻው ጥቂት ጥማድ ቢሆንም የራሱ ነበረ። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ግን መሬቱ ለመኳንንት፥ ለወታደርና ለቤተ ክህነት ከተከፋፈለ በኋላ አራሹ ጭሰኛ ሆነ። ጭሰኛው ካመረተው እርቦ፥ ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለ መሬቱ ይሰፍር ነበረ፤ አሥራቱም ብዙ ጊዜ በእሱ ጫንቃ ላይ ይወድቅ ነበረ፤ ባለ መሬቱ በወደደ ጊዜ ያስነሣው ነበረ። እንግዲህ መሬት ማለት ዕቃ ብቻ አይደለም፤ በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ያለ ሥልጣን ነው። ራስ እምሩ መሬታቸውን ለሚያርሱት ጭሰኞች ሲሰጡ የተዉት ይህን ሥልጣን ነው። መኳንንቱ ተገረሙ፤ የውጭ አገር ሰዎችም ቀዩ ራስ የሚል ስም አወጡላቸው።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው ያወጁት ራስ እምሩን ነው። ግርማሜ ራሱ በወላይታ ገዥ ሳለ ባዶ መሬት ለመሬት አልባዎች በማደሉ ከቦታው የተነሣ ሰው ነበረ፤ ስለዚህ ማንን እንደ መረጠ ያውቅ ነበረ። ሙከራው በጥቂት ቀን ውስጥ ከሸፈ። ራስ እምሩ ግን አልተቀጡም፤ በኋላም በሞስኮ አምባሳደር ሆነው አገልግለዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ሁለቱም ተገቢ ናቸው። አንደኛው እንዲህ ነው፤ ራስ እምሩ መሬት ቢሰጡም ራስ ሆነው ኖረዋል፤ ማዕረጋቸውን አልጣሉም፤ ከንጉሡ ዘመድነታቸውም ጠብቋቸዋል። እውነት ነው። ደበሎ ለብሰው አልለመኑም። ነገር ግን የመተውን ዋጋ የምንለካው ለሰውየው በቀረለት ብቻ ከሆነ፥ የተሰጠውን የተቀበለውን ሰው ረስተነዋል ማለት ነው። ራስ እምሩ ምን ያህል ድኻ ሆኑ ሳይሆን፥ ሲሶ ይሰፍር የነበረው ጭሰኛ ከዚያ በኋላ ለማን ሰፈረ ብለን መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። የአንድ ሰው ቸርነት ሕግ አይሆንም። አጠገባቸው ያለው ባለ መሬት እንደ ቀድሞው ሲሶውን ያስከፍል ነበረ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሬት ላራሹ ብለው ወደ ፓርላማ የወጡት ይህ ስለ ገባቸው ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ አደረገ፤ ጭሰኝነትን ሻረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ደግሞ ትርፍ ቤት ተወረሰ። ጥቂቶች በፈቃዳቸው ሊያደርጉት እንቢ ያሉት ነገር በሁሉም ላይ በግድ መጣ፤ በግድ የመጣውም ነገር የራሱን ብዙ መከራ አስከተለ። የራስ እምሩ ምሳሌ አዋጅን አይተካም። ነገር ግን ብዙዎች በጊዜው ቢከተሉት ኖሮ የዚህች አገር ዘመናዊ ታሪክ ያን ያህል ደም ባልፈሰሰበት ነበር ብሎ ማሰብ የዋህነት አይመስለኝም።

ከዚህ ጋር አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲያወጣ የጐጃም ገበሬ ርስቴ ሊለካና ሊነካ ነው ብሎ መሣሪያ አነሣ። ለእሱ ጥቂት ጥማዶቹ ማለት አባቶቹ፥ ስሙና የልጆቹ እንጀራ ናቸው። ለእንዲህ ያለ ሰው ንብረት መቀነስ ጥሩ ነው ብሎ መስበክ ጭካኔ ነው። የመተው ትምህርት ለተረፈው እንጂ ለጐደለው አይደለም።

ራስ እምሩ አብዮቱን አይተዋል። ልጃቸው ልጅ ሚካኤል እምሩ በ1966 ዓ.ም. ለጥቂት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። ብዙ መኳንንት በታሰሩበትና በተገደሉበት ዘመን እሳቸው በሰላም ኖረው፥ በነሐሴ ወር 1972 ዓ.ም. በ87 ዓመታቸው ዐረፉ። የጻፉት ማስታወሻ ካየሁት ከማስታውሰው በሚል ስም ከሞታቸው በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል፤ ያላነበበው ተማሪ ቢያነበው ይጠቀማል።

እኛ ተማሪዎች ገና የምንሰጠው መሬት የለንም። አብዛኞቻችን ከአንድ ሻንጣና ከጥቂት መጻሕፍት በላይ ስለሌለን ከራስ እምሩ ይልቅ ለደብረ ኤልያሱ ተማሪ እንቀርባለን። ነገር ግን ይህ ሁኔታችን አይቈይም። ዲግሪውን ይዘን ስንወጣ ደመወዝ፥ ቤት፥ አሽከር፥ መኪናም ይመጣል፤ ያን ጊዜ ሣጥናችንን ከፍተን የትኛውን አሮጌ ልብስ ለድኻ እንስጥ ብለን ብቻ ብንጠይቅ ጥያቄያችን ትንሽ ነው። ካለን ነገር ውስጥ ሌላውን ሰው ከእኛ በታች አድርጎ የያዘው የትኛው ነው? መጀመሪያ መልቀቅ የሚገባን እሱን ነው።