ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስና የነጋዴው ኬላ

ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ይበልጥ የሚታወቁት የተከፋፈለችውን ሀገር አንድ ለማድረግ ባደረጉት ትግል፣ በሴባስቶፖል መድፍና በመቅደላ ፍጻሜያቸው ነው። ከጉና ተራራ ብዙ በማይርቀው በደብረ ታቦር ተቀምጠው ባስተዳደሩበት ዘመን የነጋዴውን የቀረጥ ጫና ለማቃለል የወሰዱት እርምጃ ግን እምብዛም አይወሳም።

የልጅነት ስማቸው ካሣ ኃይሉ ሲሆን፣ የተወለዱት በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ነው። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን በችግር ዘመናቸው ኮሶ በመሸጥ ይተዳደሩ እንደነበር ይነገራል። ባላንጣዎቻቸውም በዚሁ ምክንያት የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ስድቡ መኳንንቱ ለአነስተኛ ንግድ የነበራቸውን ንቀት ያሳያል።

በዘመነ መሳፍንት ከምጽዋ ተነሥቶ በዐድዋ፣ በጎንደርና በይፋግ ገበያ በኩል ወደ ጎጃም የሚዘልቅ ሲራራ ነጋዴ በየግዛቱ ኬላ ይጠብቀው ነበር። እያንዳንዱ መስፍን በግዛቱ በሚያልፈው አሞሌ፣ ቡናና ጨርቅ ላይ በነጋድራሶቹና በበረኞቹ አማካይነት ቀረጥ ያስከፍላል። የክፍያው መጠን ብዙውን ጊዜ በድርድር ስለሚወሰን ነጋዴው በአንድ ኬላ ለቀናት ሊጉላላ ይችላል። በዚህ አሠራር ይበልጥ የሚጎዳው ጥቂት ጭነት ይዞ የሚጓዘው፣ አማላጅም ሆነ አጃቢ የሌለው ነጋዴ ነበር።

ካሣ በ1845 ዓ.ም. መቀመጫቸው ደብረ ታቦር የነበረውን ራስ ዓሊን በአይሻል ጦርነት ድል ነሡ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጭነው ቴዎድሮስ ተባሉ። ወዲያውም ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴውም ወደ ንግዱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ለመንግሥቱ በላከው ዘገባ እንደገለጸው፣ ንጉሠ ነገሥቱ በግዛታቸው ቀረጥ የሚከፈለው በ3 ቦታዎች ብቻ እንዲሆን ወስነዋል። የባሪያ ንግድንም ከልክለዋል። ወታደሩ ሕዝቡን እየዘረፈ ከሚኖር ይልቅ ደመወዝ እንዲያገኝም አስበው ነበር።

ደብረ ታቦርን ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከመቅደላ የሚያገናኙ መንገዶችንም አስጀምረዋል፤ በሥራውም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ይሳተፉ ነበር። በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው በጋፋት ደግሞ፣ ቀጥቃጭ በሚናቅበት ዘመን፣ የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎች ለሀገሬው ወጣቶች የብረት ሥራ እንዲያስተምሩ አድርገዋል።

ይሁን እንጂ ለውጡ አልዘለቀም። ዐመፅ በየአቅጣጫው ሲነሣ ሠራዊቱ በዛ፤ ግምጃ ቤቱም ደመወዙን ሊሸፍን አልቻለም። ከኬላ ያረፈው ነጋዴና ገበሬ ወታደሩን የመቀለብ ዕዳ ወደቀበት። በ1859 ዓ.ም. የንግድ ማዕከል የነበረችው ጎንደር በራሳቸው ትእዛዝ ተዘርፋ ተቃጠለች። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲነሡም ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሄዱ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ።

ቀረጥ የሚከፈልበት ቦታ ጥቂትና የታወቀ መሆን እንዳለበት አፄ ቴዎድሮስ ተረድተው ነበር። የዘመናቸው ታሪክ እንደሚያስረዳው ግን ኬላን በአዋጅ ማንሣት ብቻውን አይበቃም። መንግሥት ለሠራተኛውና ለወታደሩ ከታወቀ ገቢ ካልከፈለ፣ በአንድ በር የወጣው ጫና በሌላ በር ተመልሶ በአነስተኛው ነጋዴ ላይ ይወድቃል።