ነፃ የወጣ ሰው ዕዳ፤ የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ከባርነት የወጣ ሰው ነፃነቱን ለራሱ ብቻ ይይዘው ዘንድ ይገባዋልን? ወይስ በእስራት ለቀሩት ወገኖቹ ባለ ዕዳ ነው? የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆነናል። በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኦኔሲሞስ በ1850ዎቹ ዓመታት በኢሉባቦር፥ በሁሩሙ አጠገብ ተወለዱ። በልጅነታቸው የተጠሩበት ስም ሂካ ነበረ፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው። እርሳቸውም ልጅ ሳሉ በባሪያ ነጋዴዎች ተሰርቀው፥ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጡ እስከ ምጽዋ ወደብ ደረሱ። በዚያም በ1870 ስዊሳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ነፃ አወጣቸው፤ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ገቡ። በ1872 በትንሣኤ በዓል ተጠመቁና ኦኔሲሞስ ተባሉ። ይህ ስም፥ ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ይቀበለው ዘንድ ሐዋርያው ጳውሎስ ፊልሞናን የለመነለት የዚያ ሰው ስም ነው።

ከዚያም ወደ ስዊድን ተልከው አምስት ዓመት ተማሩ። በ1881 ወደ ምጽዋ ሲመለሱ፥ የተማረ ሰው በመሆናቸው በዚያ በጸጥታ ለመኖር በቻሉ ነበር። ዳሩ ግን ተሰርቀው ወደ ወጡበት አገር መሄድን መረጡ። በደጋው በኩል ያለው መንገድ ለሚሲዮናውያን ተዘግቶ ነበርና፥ ከጓደኞቻቸው ጋር በሱአኪን አድርገው ወደ ካርቱም ሄዱ።

ካርቱም ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙባት ከተማ ናት። በዚያ ዘመን በግብፅ መንግሥት ሥር ስትሆን፥ ለብዙ ዓመታት የባሪያ ንግድ ማዕከል ሆና ኖራለች። ተጓዦቹም ከዚያ ተነሥተው፥ በጥቁር ዓባይ ሽቅብ እስከ ፋማካ፥ ወደ ቤኒ ሻንጉል ዳርቻ ዘለቁ። ከዚያ ወዲያ ግን ማለፍ አልተቻላቸውም። ኦኔሲሞስም በንዳድ ተይዘው በኤፕሪል 1882 ወደ ካርቱም ተመለሱ። በሱዳንም የማህዲ ዐመፅ ተነሥቶ ነበር። በልጅነቱ የተሸጠው ሰው፥ እንደ እርሱ ያሉ ብዙዎች በተሸጡባት ከተማ ታምሞ ተኛ፤ የወገኖቹም አገር ሩቅ ሆና ቀረች።

ኦኔሲሞስ ከበሽታቸው ድነው በምጽዋ አጠገብ ወዳለችው ወደ ምንኩሉ ተመለሱ፤ ብዕርም አነሡ። እንደ እርሳቸው ከባርነት የዳነችው አስቴር ጋኖ ረዳቻቸው። አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በ1893፥ የንባብ መማሪያ መጽሐፍ በ1894፥ መጽሐፍ ቅዱስም በሙሉው በ1899 ታተመ። ሁለት ነፃ የወጡ ባሮች ለሕዝባቸው ይህን የሚያህል ስጦታ አዘጋጁ።

በ1904 መንገዱ ተከፈተላቸውና ወደ ወለጋ ገቡ፤ በነቀምቴም ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤት አቁመው በሕዝቡ ቋንቋ አስተማሩ፤ አስቴርም ከሥራው ተካፈለች። ከሳሾች ተነሥተውባቸው በአዲስ አበባ በተፈረደ ጊዜ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ ይመለሱ ዘንድ ፈቀዱላቸው፤ ስብከትን ግን ከለከሏቸው። እርሳቸውም ማስተማርን አልተዉም። በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ ሰጧቸው። በጁን 1931 እስኪያርፉ ድረስም በዚህ ሥራ ጸኑ።

እንግዲህ እናስተውል። ኦኔሲሞስ ባስተማሩበት ዘመን ሁሉ ባርነት ከአገራችን ገና አልጠፋም ነበር፤ በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942፥ እርሳቸው ካረፉ ከ11 ዓመት በኋላ ነው። ድሀ በሚሸጥበት አገር የድሀን ልጅ ማስተማር፥ ያ ልጅ ዋጋ የሚቈረጥለት ዕቃ እንዳልሆነ መመስከር ነው። በ1959 በአዲስ አበባ ድሆችንና ችግረኞችን የሚረዱ ሠራተኞች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ተከፈተ። እንዲህ ያለ ትምህርት የቈሰለውን ማሰር ብቻ ሳይሆን ያቈሰለውንም ግፍ መመርመርና ስለ ተገፋው መናገር ይገባዋል። ኦኔሲሞስ ይህን ሥራ ቀድመው በሕይወታቸው ሠርተውታል።

ወገኖቼ ሆይ፥ እያንዳንዳችን ፊደልን ያስቈጠረን፥ ከችግርም ያወጣን ሰው አለ። በቤታችን የምታገለግለን ልጅ ማንበብ ታውቃለችን? የቀን ሠራተኛው ደመወዙን በጊዜው ይቀበላልን? የነፃነታችን ዕዳ የሚጠየቀው በዚህ ነው። እግዚአብሔር እንከፍለው ዘንድ ልብ ይስጠን። አሜን።