ዋሽንቱን ከኦርኬስትራ ጋር ያገናኙት ሰው፦ የፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ሕይወት

ከእኛ ከሒሳብ ክፍሉ ሁልጊዜ የምትጠብቁት የቁጠባና የብድር ዘገባ ነው። ዘገባው በዚህ እትምም በመጨረሻው ገጽ ላይ አለላችሁ። ለጽሑፍ በደረሰን ተራ ግን ስለ አንድ የሙዚቃ ሰው ልናጫውታችሁ ወደድን። ምክንያቱን ስንናገር ጥፋታችንንም መናገር ግድ ይሆንብናል።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንዲት አባላችን ለልጇ ያገለገለ ቫዮሊን መግዣ ስድስት ሺህ ብር ብድር ጠይቃ ነበር። ልጅቷ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ አስተማሪ ዘንድ እየሄደች በውሰት ቫዮሊን ትማር ነበር። እኛ ከብድር ኮሚቴው ጋር ተቀምጠን ጥያቄውን ውድቅ አደረግነው። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ምክንያት ዕቃው ገቢ አያስገኝም የሚል ነው። ደንባችን እንደዚያ ስለሚል የጻፍነው ውሸት አልነበረም። ሙሉ እውነቱን ግን አልጻፍንም። ከስብሰባው በፊት ቡና ስንጠጣ፣ ሴት ልጅ አዝማሪ ልትሆን ነው ወይ ተባብለን ሥቀን ነበር። ብድሩን የከለከለው ከደንቡ ይልቅ ያ ሣቅ ነው። የፕሮፌሰር አሸናፊን ታሪክ ስናነብ ያ ሣቅ ትዝ አለንና አፈርን።

ስማቸውን የማታውቁ ብትኖሩም ሥራቸውን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እረኛው ባለ ዋሽንት የሚባለውን፣ ዘፋኝ የሌለበትን ሙዚቃ ያቀናበሩት እርሳቸው ናቸው። በልጅነታችን በሬዲዮ ሲመጣ እናቶቻችን ድምፁን ከፍ ያደርጉት እንደነበር እናስታውሳለን። ማን ሠራው ብሎ የጠየቀ ግን ከመካከላችን አልነበረም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሸናፊ ከበደ በ1938 አዲስ አበባ ውስጥ ተወለዱ። ከተማዋ ያኔ በጣሊያን ወረራ ሥር ነበረች። በዚያ ዘመን ሙዚቃ በአገራችን በየቤቱ ተከፋፍሎ ይኖር ነበር። በቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ያሬድ ዜማ አለ። በትልልቅ ሰዎች ቤት፣ በተለይ በጾም ወራት፣ በገና ይደረደራል። በጠጅ ቤትና በሠርግ ቤት አዝማሪ በማሲንቆው ያወድሳል፣ ይወርፋል። የፈረንጅ መሣሪያ የሚሰማው በአብዛኛው ከሰልፍና ከማርሽ ጋር ነው። ታሪኩም ወደ 1924 ይመልሰናል። ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው ሳለ ከእልቂት የተረፉ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች በነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙና አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ኋላ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ለብዙ ዓመታት የአገራችንን ባንዶችና የቴአትር ቤት ኦርኬስትራ አሠልጥነዋል።

ሙዚቀኛው ግን ክብር አልነበረውም። አዝማሪ ለሠርግ ይጠራል፤ ልጅ ግን አይዳርለትም። ክራርም ቢሆን ከበገና ጋር ዘመድ ሆኖ ሳለ ስሙ ጥሩ አልነበረም። በገና የዳዊት መሣሪያ ነው ተብሎ ሲከበር፣ ክራር የመጠጥ ቤትና የፍቅር ዘፈን መሣሪያ ሆኖ የሰይጣን ዕቃ እስከመባል ደርሷል። አሸናፊ ኋላ ምሁር ከሆኑ በኋላ በዚሁ በክራር ስም ላይ በ1977 በአሜሪካ የምርምር መጽሔት ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል። እንግዲህ ሙዚቃ ልማር ብሎ መነሣት በዚያ ዘመን ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

ወጣቱ አሸናፊ አሜሪካ ሄደው፣ በኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ በሚገኘው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1962 ተመረቁ። ኢስትማን በዓለም ከታወቁ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። በእንደዚህ ያለ ቦታ የሚማረው መጫወት ብቻ አይደለም፤ ድምፅን በኖታ መጻፍም ነው። ኖታ ማለት በአምስት መስመር ላይ የሚሰፍር የድምፅ መዝገብ ነው። ደራሲው ባይኖር እንኳ ሌላ አገር ያለ ሌላ ሰው መዝገቡን ገልጦ ያንኑ ዜማ ማሰማት ይችላል። እኛ በሒሳብ ሥራ የምንኖር ሰዎች ይህን ስናነብ ደስ አለን። ያልተመዘገበ ነገር ባለቤቱ ሲያልፍ አብሮ እንደሚያልፍ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለምና።

ከተመረቁ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የመንግሥቱን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የማቋቋም ኃላፊነት ተሰጣቸውና የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ይህ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። ስሙን ያገኘው በስድስተኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉት ሦስት ዜማዎች ከሚታወቀው ከቅዱስ ያሬድ ነው። በትምህርት ቤቱ ፒያኖና ቫዮሊን ብቻ ሳይሆኑ ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንትም ይሰጣሉ። ቀድሞ ማሲንቆ ከአባት ወደ ልጅ በቤት ውስጥ የሚወርስ ሙያ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የማንም ቤት ልጅ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ ተምሮ ምስክር ወረቀት የሚይዝበት ሙያ ሆነ። ለእኛ ከሥራዎቻቸው ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለናል።

በ1967 ወደ ሃንጋሪ ተጓዙ። በዚያች አገር ዞልታን ኮዳይና ቤላ ባርቶክ የተባሉ ሁለት ደራሲዎች በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድምፅ መቅጃ ተሸክመው በየገጠሩ እየዞሩ የገበሬውን ዘፈን ሰብስበው ነበር። የሰበሰቡትንም ለኦርኬስትራ ሥራቸው መነሻ አደረጉት። ኮዳይ ሕፃናት ሙዚቃን ሲጀምሩ በራሳቸው ድምፅና በአገራቸው ዜማ ይጀምሩ ብለው ያስተማሩ ሰው ናቸው። አሸናፊም በዚሁ መንገድ ስለሄዱ ጥቁሩ ኮዳይ የሚል ስም ወጥቶላቸው ነበር። ሃንጋሪ ሳሉ በመንግሥቱ ኦርኬስትራ ፊት ቆመው የራሳቸውን ሥራዎች መሩ። እረኛው ባለ ዋሽንት ከእነዚያ አንዱ ነው።

እስኪ ይህን ሥራ ትንሽ እንየው። ዋሽንት ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ የሚሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ያለው መሣሪያ ነው። እረኛ በራሱ እጅ ይሠራዋል፤ ዋጋ የለውም፤ ሲሰበር ሌላ ይቆርጣል። ኦርኬስትራ ደግሞ የብዙ ሰው ማኅበር ነው። ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎና ባለ ወፍራም ድምፁ ደብል ባስ በአንድ ወገን ይቀመጣሉ። ከኋላቸው ፍሉትና ክላርኔት የመሳሰሉት፣ ከዚያ ትራምፔትና ሌሎች የነሐስ መሣሪያዎች፣ በመጨረሻም ከበሮዎች ይደረደራሉ። አሸናፊ ያደረጉት የእረኛውን ዜማ ለዚህ ሁሉ ሰው መስጠት ነው። ዜማው የአገራችንን ቅኝት ይዞ ይሄዳል። የእኛ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። የአውሮፓው ኦርኬስትራ ደግሞ የለመደው በሰባት ድምፅ የተሠራ ስኬል ነው። ከሥሩ ብዙ ድምፅ ቢደራረብበት የእኛ ዜማ በቀላሉ መልኩን ሊያጣ ይችላል። በእርሳቸው ሥራ ግን ክሮቹ ለእረኛው ሜዳውንና ተራራውን ሲሠሩለት ይሰማል፤ መንገዱን አይዘጉበትም።

ኮቱራሲያ በተባለ ሌላ ሥራቸው ኮቶ የተባለውን የጃፓን ባለ ብዙ ክር መሣሪያ ከቫዮሊንና ከፍሉት ጋር አገናኝተዋል። ጃፓኖችም በብዙ ዜማቸው እንደ እኛ በአምስት ድምፅ ይጠቀማሉ። ሩቅ አገር ያለ ሰው ጆሮው ዘመዳችን ሊሆን እንደሚችል ይህ ሥራ ያሳየናል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜያቸው በአብዛኛው ያለፈው በአሜሪካ ነው። በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ጽፈው በ1971 የዶክትሬት ዲግሪ ያዙ። በተለያዩ ኮሌጆች አስተማሩ፤ በኋላም ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1982 ስለ ጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ ሥረ መሠረት የጻፉት መጽሐፍ ታተመ። የአፍሪካን ሙዚቃና ባሕር ተሻግረው የሄዱ ልጆቿን ሙዚቃ አንድ ላይ አድርጎ የሚያይ ነው። በ1998 በፍሎሪዳ ታላሃሲ ከተማ አረፉ። ዕድሜያቸው ስድሳ ነበር። ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ግን እርሳቸው ባሕር ማዶ ሳሉም፣ ካረፉም በኋላ ተማሪ ማውጣቱን አላቆመም። ኢትዮጵያ የተወለደችው ልጃቸው ኒና አሸናፊ ሪቻርድሰን ሕግ ተምራ በዚያው በፍሎሪዳ ዳኛ ሆናለች። በአሜሪካ በዳኝነት ወንበር የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ተወላጅ እርሷ ናት። የሙዚቀኛ ልጅ ምን ይሆናል እያላችሁ ለምታስቡ ይህችን ያዙልን።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ባለፈው ወር ከቁጠባው ስብሰባ በኋላ፣ ቡናው እስኪፈላ፣ እረኛው ባለ ዋሽንትን ከስልክ ወደ አንዲት ትንሽ ስፒከር አገናኝተን ሰማን። አሥራ አንድ ሆነን ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ግማሻችን አወራን፤ አንዷማ እንቅልፍ ያመጣል አለች። ሁለተኛውን ስንጀምር አንድ ነገር ተስማማን። የፍሉቱን ድምፅ ብቻ እንከተል፣ ሲጠፋም የት ገባ ብለን እንፈልገው አልን። ሦስተኛውን ጊዜ ዜማውን ትተን ከሥር ያሉትን ወፍራም ክሮች አዳመጥን። ያን ጊዜ ቤቱ ጸጥ አለ። በሲዳማ ደጋ ያደገች አባላችን ዐይኗን ጠረገች። ከብት ሲጠብቅ ዋሽንት ይነፋ የነበረ ወንድም ነበራት፤ ካረፈ ብዙ ዘመኑ ነው። ዜማው የእርሱ አይደለም፤ ቋንቋውም ቢሆን የተለየ ነበር። እርሷ ግን አመሻሽ ላይ ከብቶቹን ይዞ ሲመለስ ታየኝ አለችን።

እናንተም በየቤታችሁ እንዲህ ሞክሩት። ክላሲካል ሙዚቃ የተማረ ሰው ወይም የሀብታም ነው ብላችሁ አትሽሹት። ሦስት ጊዜ ስሙት፤ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ መሣሪያ ብቻ ተከተሉ። እንጀራ እየጋገራችሁም ይሆናል። ክፍያ የለውም።

የቀረው የብድሩ ጉዳይ ነው። ያቺ ልጅ ዛሬ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። የውሰቱን ቫዮሊን አስተማሪዋ ለሌላ ተማሪ ሰጥቶታል። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜዋን ቤት ነው የምታሳልፈው። እናቷን ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል፤ እርሷም አልተቀየመችንም፤ ወይም እንዳልተቀየመች ነገረችን። ግን ይቅርታ ቫዮሊን አይሆንም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ አጀንዳ እናቀርባለን። ለልጆች የሙያ መማሪያ መሣሪያ፣ ቫዮሊንም ይሁን ክራር፣ እንደ ትምህርት ክፍያ ይቆጠር የሚል ነው። ለትምህርት ክፍያ ከዚህ ቀደም አበድረናል፤ እርሱም በዚያው ዓመት ገቢ አላስገኘም፤ ማንም ግን አልሣቀም። ሁኔታው እንደ ሌላው ብድር ይሁን፦ ሁለት ዋስ፣ አሥራ ሁለት ወር። ለሥጋቱም መልስ አለን። በዶሮ ብድር ስንት ጊዜ እንደከሰርን መዝገቡ ያውቃል፤ ዶሮ ይሞታል። በደንብ የተያዘ ቫዮሊን ግን ቢቸግር ተሽጦ ብድሩን ይከፍላል።

የዛሬ ሁለት ዓመቱን ቃለ ጉባኤ ይዘን እንመጣለን። ምክንያት በሚለው መስመር ላይ የጻፍነውን እናነብላችኋለን፤ ያልጻፍነውንም እንናገራለን። ስፒከሯንም አንረሳም። ውሳኔው የእናንተ ነው።