ፓውሎ ፍሬሬና የመምህር ቅጥር

በዲፓርትመንታችን የጎልማሶች ትምህርት ኮርስ የወሰደ ሁሉ የፓውሎ ፍሬሬን ስም ያውቃል። ተማሪው ባዶ ዕቃ፣ መምህሩ ቀጂ የሚሆንበትን ትምህርት አጥብቀው የተቃወሙት ብራዚላዊ ናቸው፤ እኛም ይህንኑ ተቃውሟቸውን ሸምድደን ለፈተና እንጽፈዋለን! ሕይወታቸው ግን ብዙም አይነገረንም። እኔ የማነሳው አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። ዩኒቨርሲቲ የመሠረተ ትምህርት መምህር ሲቀጥር ምኑን አይቶ ነው መቅጠር ያለበት? ፍሬሬ በዚህ በር ሁለት ጊዜ አንኳኩተዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1921 ሬሲፌ በምትባለው የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከተማ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በጓሯቸው ከማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ ወላጆቻቸው በእንጨት ስንጥር መሬት ላይ እየጻፉ አስተማሯቸው። ከ1929 የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ቤተሰቡ ደኸየ፣ አባት በ1934 ሞቱ። ፓውሎ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ። ትምህርት አልገባ ይላቸው የነበረው ሰነፍ ሆነው ሳይሆን ርቧቸው እንደነበር በኋላ ተናግረዋል። እናታቸው በነጻ የሚቀበል ትምህርት ቤት ፍለጋ ብዙ ደጅ ጠንተው በመጨረሻ ኦስዋልዶ ክሩዝ የሚባለው ትምህርት ቤት ተቀበላቸው። ቆይቶም እዚያው የፖርቱጋልኛ መምህር ሆኑ።

ያጠኑት ሕግ ነበር። ግን የመጀመሪያ ጉዳያቸው ዕዳ መክፈል ያቃተውን ወጣት የጥርስ ሐኪም ንብረት የሚመለከት ሆነና ጥብቅናውን እዚያው ተዉት። ባለቤታቸው ኤልዛ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበሩ፤ ወደ ትምህርት ሥራ የሳቧቸው እሳቸው ናቸው ይባላል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከሠራተኛና ከዓሣ አጥማጅ ቤተሰቦች ጋር ሠሩ።

የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ውድድር በ1959 መጣ። የሬሲፌ ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት ታሪክና ፍልስፍና ወንበር ተወዳዳሪ ፈለገ፤ ተወዳዳሪው የጥናት ጽሑፍ አዘጋጅቶ በፈታኞች ፊት መከላከል ነበረበት። ፍሬሬ ከሠራተኞቹ ጋር ያዩትን ይዘው ቀረቡ። ወንበሩን ግን ሌላ ተወዳዳሪ ወሰደች። እሳቸው የዶክትሬት ማዕረጉን ይዘው ወጡ፤ ጥቂት ቆይቶም እዚያው ዩኒቨርሲቲ በሌላ ፋኩልቲ አስተማሩ፣ የኅብረተሰብ አገልግሎት ክፍሉንም መሩ። በእኔ እይታ እዚህ ላይ በደል የለም። ሁሉም በአንድ መስፈርት ተለካ፣ አንዷ አለፈች፣ አበቃ።

ትልቁ ሥራቸው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1963 አንጂኮስ በምትባል ትንሽ ከተማ 300 ያህል ሰዎችን በ40 ሰዓት ትምህርት ማንበብና መጻፍ የማስተማር ሥራ ተካሄደ። ዘዴው እንዲህ ነው። መጀመሪያ መምህራኑ ሕዝቡ የሚናገራቸውን ቃላት ይሰበስባሉ። ለምሳሌ «ቲጆሎ» ማለት ጡብ ነው። ስለ ጡቡ፣ ስለ ሥራውና ስለ ደመወዙ ውይይት ይደረጋል፤ ከዚያ ቃሉ ይከፈልና ታ-ቴ-ቲ-ቶ-ቱ፣ ጃ-ጄ-ጂ-ጆ-ጁ፣ ላ-ሌ-ሊ-ሎ-ሉ ተብሎ በካርድ ይቀርባል። ካርዱን ሳይ እንዲያው የእኛ የፊደል ገበታ ነው የመሰለኝ! ልዩነቱ የእኛ ልጅ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር ከጨረሰ በኋላ ነው ቃል የሚያገኘው፤ የፍሬሬ ተማሪ ግን ከገዛ ቃሉ ተነስቶ ነው ወደ ገበታው የሚገባው።

በዚያን ጊዜ ብራዚል ውስጥ ማንበብ የማይችል ሰው መምረጥ አይችልም ነበር። 300 ሰው ፊደል ቆጠረ ማለት እንግዲህ 300 አዲስ መራጭ ተገኘ ማለት ነው። የባለሥልጣኑና የባለመሬቱ ድንጋጤ ከዚህ ይመነጫል። በ1964 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ፍሬሬ 70 ቀን ያህል ታሰሩ፣ ከዚያም ተሰደዱ። ቦሊቪያ፣ ቺሊ፣ ጥቂት ወራት ሃርቫርድ፣ ከዚያ ጄኔቭ። ዝነኛ መጽሐፋቸውን የጻፉት ቺሊ ሆነው ነው። ስደቱ በጠቅላላው ወደ 16 ዓመት ወሰደ።

በ1980 አገራቸው ሲገቡ በካምፒናስ የሚገኘው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ ዩኒካምፕ፣ ማስተማር ጀመሩ። የቅጥራቸው ነገር ግን በወረቀት ሲጎተት ኖሮ በ1985 የዩኒቨርሲቲው አመራር ሰውዬው ለፕሮፌሰርነት ይበቁ እንደሆነ የሙያ አስተያየት እንዲጻፍ ጠየቀ። መጽሐፋቸው በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች በሚነበብበት ጊዜ ማለት ነው! አስተያየቱን እንዲጽፉ የታዘዙት የዚያው የትምህርት ፋኩልቲ ፕሮፌሰር ሩቤም አልቬስ ነበሩ። እሳቸውም በሜይ 25 አስተያየት ያለመስጠት አስተያየት ጻፉ። ሐሳባቸው ባጭሩ፣ የሙያ አስተያየት ሌላው ያላየውን ለማሳየት ነው፤ ዓለም ሁሉ ስላየው ሰው እኔ ምን ልጨምር፣ የሚል ነበር።

ብዙ ሰው ይህን የሚያወራው በቢሮክራሲ ለመሳቅ ነው። እኔ ግን በመመሪያው ላይ አልስቅም። መመሪያ ባይኖር ቦታው በዘመድና በትውውቅ ይሞላ ነበር፤ ያም ለማንም አይጠቅም። ችግሩ ቅጹ ላይ ነው። ዲግሪ፣ የታተመ ጽሑፍ፣ የአገልግሎት ዘመን የሚሞላበት ሳጥን አለ። አመልካቹ ከጡብ ሠሪ ጋር ቁጭ ብሎ ፊደል አስቆጥሮ ያውቅ እንደሆነ የሚጠየቅበት ሳጥን ግን የለም። በመሠረተ ትምህርት ዘርፍ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው። ለዲፓርትመንታችን አመልካቾችም አንድ ቀን ጎልማሶች ፊት ቆመው ሲያስተምሩ ቢታዩ፣ ተማሪም እዚያ ቢገኝ፣ የእኔ ሐሳብ ነው።

በዚያው በሜይ 1985 ማንበብ የማይችሉ ብራዚላውያን በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመምረጥ መብት አገኙ። ፍሬሬም በዩኒካምፕ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ከ1989 እስከ 1991 የሳኦ ፓውሎ ከተማን የትምህርት ቢሮ መሩ፤ በሜይ 2 ቀን 1997 በ75 ዓመታቸው በልብ ሕመም አረፉ። የብራዚል መንግሥት ስላሰራቸውና ስላሰደዳቸው በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2009 ነው።