ዞራ ኒል ኸርስተን በመንግሥት ደመወዝ

ባለፈው ስብሰባችን ከማኅበሩ ሣጥን እርዳታ የጠየቀች አንዲት አባላችን አንገቷን ደፍታ ስትናገር አይተን አዘንን። በዚህ ወር የዞራ ኒል ኸርስተንን ታሪክ ልናወጋችሁ የወደድነው ለዚህ ነው።

ዞራ እ.ኤ.አ. በ1891 አላባማ ተወልዳ ያደገችው ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ጥቁሮች ራሳቸው በሚያስተዳድሯት በኢተንቪል ከተማ ነው። በ13 ዓመቷ እናቷን አጣች፤ ትምህርቷም ተቋረጠ። በ26 ዓመቷ ነፃ ትምህርት ለማግኘት ስትል ዕድሜዋን 10 ዓመት ቀንሳ ባልቲሞር ትምህርት ቤት ገባች። (ዕድሜ መቀነስ የእኛ ብቻ ይመስለን ነበር!) ቀጥሎም እዚሁ ዋሽንግተን፣ ብዙዎቻችን በደጁ በምናልፈው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማረች።

በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ውድቀት ጸሐፊዎችንም ሥራ አሳጣ። የሩዝቬልት መንግሥት መንገድና ድልድይ ለሚሠሩ ሥራ ሲከፍት፣ በ1935 ለብዕር ሰዎችም የፌዴራል የጸሐፊዎች ፕሮጀክትን አቋቋመ። የየስቴቱን መምሪያ መጽሐፍ ያዘጋጁ፣ ተረትና ዘፈን ይሰበስቡ፣ በባርነት የኖሩ አረጋውያንን ታሪክ ይመዘግቡ ነበር። አብዛኛው ሰው ለመቀጠር አስቀድሞ ችግረኛ መሆኑ መረጋገጥ ነበረበት።

ዞራ በ1938 ስትገባ ሦስት መጻሕፍት አሳትማለች። የተመዘገበችው ግን ከእርዳታ ተቀባዮች ጋር ነው፤ የወር ደመወዟም 70 ዶላር አይሞላም። ጥቁሮቹ ሠራተኞች ከነጮቹ ተለይተው ይሠሩ ነበር። ይህ ሁሉ ውርደት ነው ብንልም፣ ገንዘቡን ሠርታ እንዳገኘችው አንርሳ።

ሥራዋንም አሳምራ ሠራችው። የጥድ ሙጫ የሚያንጠባጥቡ ሠራተኞች ሰፈር ድረስ ሄዳ ኑሯቸውን መዘገበች። በ1939 ጃክሰንቪል ውስጥ መቅረጫው ፊት ቀርባ፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች እየተቀባበሉ የሚያዜሙትን ራሷ ዘፈነች። ዘፈኑን እንዴት እንደያዘችው ስትጠየቅ፣ ከሰው መካከል ገብታ እንደምትሰማ፣ አብራም እየዘፈነች ችለሻል እስኪሏት እንደምትለማመድ አስረዳች። እኛም እንጉርጉሮ ከእናቶቻችን የያዝነው እንዲሁ አልነበር?

በዚያው ዓመት ሥራውን ለቀቀች። በኋላ ድህነት በረታባት፤ የሰው ቤት እስከ ማጽዳት ደረሰች። በ1960 ፎርት ፒርስ ስታርፍ የተቀበረችው በወዳጆቿ መዋጮ ነው። መቃብሯ እስከ 1973 ድረስ፣ ደራሲዋ አሊስ ዎከር እስክታቆምላት፣ ሐውልት አልነበረውም።

ያ የተቀረጸው ድምጿ ግን እዚሁ ከተማችን፣ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በሚቀጥለው ስብሰባ ከቡናው በኋላ አንዱን ዘፈን እናሰማችኋለን።